በበርበራ የጣፍኩት መረብ

የሄድኩት ባሕር ለማየት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ደንበኛ ሁሉ "ጋሽ ንጉሤ፣ ባሕሩ እንዴት ነው?" እያለ ሥራ ስላስፈታኝ ነው። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ ጨው ነው፤ ዳር የለውም። በቃ። እኔ የሄድኩት ለሰው ነው። በርበራ የመሄድ ዕድል ለማይገጥማችሁ ግን መንገዱንም እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ጅጅጋ ውስጥ የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁበት በረንዳ ከሐዋ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አባቴ በወታደርነት ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ሐዋ የአገሩ ልጅ፣ ሶማሌ ናት። እሷ ጨርቅ ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ፤ እንዲህ ጎን ለጎን ሃያ ዓመት አለፈን። የተጣላንበት ነገር ቢኖር የሬዲዮዬ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ልጅ አላት፣ ጉሌድ የሚባል። በሁለታችን በር መካከል ሲሮጥ ነው ያደገው። እኔን "አብቲ" ይለኛል፤ በሶማልኛ አጎት፣ የእናት ወንድም ማለት ነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ስለዚህ ስፌት ላወርሰው ሁለት ዓመት ለፋሁ፤ ግን አንድም ሱሪ ቀጥ ብሎ አልወጣለትም። ሁልጊዜ አንዱ እግር ከሌላው ይረዝማል። በመጨረሻ አንድ ቀን ተነሥቶ ሶማሌላንድ፣ በርበራ ወደብ ወረደና ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ይኸው አምስት ዓመቱ።

ይህ ለሐዋ ቀላል ነገር አልነበረም። ግመል አርቢ ዘመዶቿ "ዓሣ በበላ አፍህ አታናግረኝ" የሚሉ ሰዎች ናቸው። እሷ ያንን ሁሉ ችላ ኖረች። በጥር መግቢያ ላይ ግን በርበራ ላይ ጀልባ ተገለበጠች፣ ሰው ጠፋ የሚል ወሬ መጣ። ጉሌድ ደውሎ "የእኔ ጀልባ አይደለችም፣ ደህና ነኝ" አላት። አላመነችውም። "ድምፁስ ደህና ነው፤ ሰውነቱን ማን አየልኝ?" እያለች መብላት አቆመች። ራሷ እንዳትሄድ እግሯን ስኳር በሽታ ይዞታል።

አንድ ጠዋት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠች። "ወላሎ" አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። "ያንተ ዓይን ሜትር ነው። ሄደህ እየው። 'ኑሮ ይዟል፣ ተዪው' ካልከኝ እተወዋለሁ፤ ሁለተኛ ሳለቅስ አታየኝም። 'አይሆንም' ካልከኝ ግን ይዘኸው ና። ከጎናችን ያለችው ክፍል ባዶ ናት፤ ሱቅ እከፍትለታለሁ። አንተ ያልከው ይሆናል፣ ወላሂ።"

ኧረ ምን ዓይነት ሸክም ነው! ሰው እንዲህ ያለ ነገር በጎረቤቱ ጫንቃ ላይ ይጭናል? እሺ አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ገና እሺ ስል ልቤ ፈርዷል። ይዤው ልመጣ ነው የተነሣሁት። ለሐዋ ብቻም አይደለም። ያቺን ባዶ ክፍል ባየኋት ቁጥር እሱን ተቀምጦባት ነበር የማየው።

ሐዋ ነጭ ጨርቅ ቀደደችልኝ፤ ከድሮ ደብተሬ የጉሌድን ልክ አውጥቼ ሸሚዝ ሰፋሁለት። ሸሚዙን፣ መቀሴን፣ ሜትሬን፣ መርፌና ክሬን በቦርሳ ይዤ ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ።

የጅጅጋን የጥር ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ለብሼም ጥርሴ ይፋጫል። ሚኒባሱ ከአቅሙ በላይ ሰውና አራት ጆንያ ሽንኩርት እስኪጭን ድረስ አልተንቀሳቀሰም። እኔ የደረሰኝ በሁለት ጆንያ መካከል ነው። ወገቤን ለማሳረፍ ስገላበጥ ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና "ጋሼ፣ ሽንኩርቱን እንዳይጨፈልቁብኝ" አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ከመሳቅ በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ?

ከጅጅጋ እስከ ውጫሌ ድንበር ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ግመል፣ የማሽላ አገዳ፣ እንደገና ግመል። ድንበሩ ላይ አንድ ጠባቂ ቦርሳዬን በረበረና መቀሱን ከፍ አድርጎ "ይኼ ምንድን ነው? ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኩት። አንዴ እኔን፣ አንዴ የራሱን ደረት አየ። ሁለት ቁልፍ ረግፎበታል። እዚያው ኬላው ሥር ቆሜ ሁለቱንም ተከልኩለት። ወረቀቴን ሳያነበው መለሰልኝና ሻይ አዘዘልኝ። መርፌ ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ መርፌ አዋርዶኝም አያውቅም ነበር።

ውጫሌ ያደርኩት በሐዋ እህት በሳህራ ቤት ነው። እንደምታውቁት እኛ አገር ሥጋ ነገር ጣጣ አለው፤ ክርስቲያኑ እስላም የባረከውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን የባረከውን አይበላም። እኔና ሐዋ ሃያ ዓመት ሻይ ስንጠጣ፣ ሩዝ ስንበላ ኖረን ከአንድ ሳህን ሥጋ ቆርሰን አናውቅም። ማንም ማንንም አያስቀይምም፤ ዝም ብሎ ያለ ነገር ነው። ሳህራ ምንም ሳትጠይቀኝ ለቤተሰቡ የፍየል ሥጋ፣ ለእኔ ለብቻዬ እንቁላል ለሆህ ከሚሉት ስስ ቂጣ ጋር አቀረበች። እንቁላሉን የጠበሰችው ሥጋ ባልነካው አዲስ መጥበሻ ነው። የመለያ ወረቀቱ እጀታው ላይ እንዳለ አየሁት።

ማክሰኞ ጎማችን ሁለት ጊዜ ፈነዳ። ሁለተኛው ሲፈነዳ መለወጫ አልነበረንም፤ ሾፌሩ ጎማውን እያንከባለለ ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ። እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። ከአንዲት ጎጆ አንዲት ሴት ወጥታ በጀሪካን የግመል ወተት አመጣችልንና ለሁላችንም በአንድ ጣሳ እየቀዳች አዳረሰች። ልንከፍላት ስንል ተቆጣች። ጅጅጋ ከተማ ቢሆን ኖሮ ዋጋውን ሳትነግረኝ አትቀዳልኝም ነበር ብዬ ታዘብኩ። ሀርጌሳ ስንገባ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ስለ ሀርጌሳ ብዙ ጠይቃችሁኛል፤ ግን ያየሁት ነገር ቢኖር አልጋዬን ነው።

ረቡዕ መንገዱ ቁልቁል ነው። በወረድን ቁጥር አንድ አንድ ልብስ አወለቅኩ፤ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ኮቱን፣ በርበራ ስንደርስ በሸሚዝ ቀርቻለሁ። በጥር! ሰዎቹ ደግሞ "አሁን ቀዝቃዛው ጊዜ ነው፣ በሐምሌ ብትመጣ ትቀልጥ ነበር" ይሉኛል። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ባሕሩ ብቅ ሲል እንዳልተቆረጠ ሰማያዊ ጣቃ ተዘርግቶ አየሁት። ማን ነው ይህን ሁሉ የሚጨርሰው አልኩ በልቤ።

ጉሌድ መኪናው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። አላወቅኩትም። የሸኘሁት ቀጭን ልጅ ነበር፤ አሁን በር የሚያህል ሰው አቅፎ አነሣኝ። "አብቲ! ቀለልክ እኮ፣ እማዬ አታበላህም እንዴ?" አለኝ በዚያው በጅጅጋ አማርኛው። እንባዬ መጣ፤ በአሸዋው አሳበብኩ።

ሸሚዙን እዚያው አወጣሁለት። ለበሰው። ትከሻው ላይ ተወጠረ፣ ቁልፉ አልደርስ አለ፣ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ብብቱ "ጣር!" ብሎ ተተረተረ። "በጣም ያምራል" አለኝ፤ ሳይቆልፈው እንደለበሰው ዋለ። የሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አምስት ዓመት የተረሳ ልክ ይዤ መምጣቴ ምን ይባላል?

የሚሠራው ከናኹዳ ዑመር ጋር ነው። ናኹዳ የሚሉት የጀልባ አለቃውን ነው። ሰባ ዓመት የሚሆነው፣ ወጣት ሳለ አሰብ ወደብ ላይ የሠራ፣ አማርኛ የሚችል ሽማግሌ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ሩቅ ሩቁን የሚያይለት ጉሌድ ነው። ከርሞ ጀልባዋን ለጉሌድ ሊያስረክብ እንዳሰበ ገና እጄን እንደጨበጠኝ ነገረኝ። "ከሄደብኝ ግን እሸጣታለሁ። ለሌላ ሰው አልሰጣትም" አለ። ለምን እንደመጣሁ ሳያውቅ አልቀረም።

መረባቸው አሸዋው ላይ ተዘርግቷል። መሀሉ ላይ ክንድ ተኩል የሚሆን ቀዳዳ አለ።

"ምን ቀደደው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ የቀደድኩት፣ በቢላዋ" አለ ጉሌድ። "ዛሬ ጠዋት የባሕር ኤሊ ገብታ ተጠላልፋ ነበር። ኤሊ አየር ትፈልጋለች፤ ከቆየች ታፍና ትሞታለች። ቆርጬ ለቀቅኳት።"

"እንዴ! ለአንዲት ኤሊ ብለህ ይህን የመሰለ መረብ?"

ናኹዳው ሳቀ። "ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ኤሊ ናት። ሽማግሌ አይገደልም" አለ።

ምሳ ሩዝና ባስባስ የሚሉት የቃሪያ ድልህ ብቻ ቀረበ። ጉሌድ ረቡዕ መሆኑን አልረሳም። ናኹዳው "ዓሣም ይጾማል?" አለኝ። የሚጾመውም የማይጾመውም አለ፣ እኔ ከሚጾሙት ነኝ አልኩት። "እንግዲያው ነገ" አለና ተኛ። ጉሌድም ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ነውና ጥላው ሥር ተዘርግቶ ወዲያው አንኮራፋ።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከቀዳዳው ጋር። ልብስ ሰፊ ከቀዳዳ ጋር ብቻውን አይተውም። ልጄ ደክሞት ተኝቷል፣ አጠገቤ የመረብ ክር አለ፣ ማዳበሪያ የምሰፋበት ትልቁ መርፌ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ደስ ላሰኘው ብዬ ተቀመጥኩ። ጫፍና ጫፉን ሳብ ሳብ አድርጌ አገናኘሁ፤ ከዚያ በላዩ ላይ በቁም በአግድም ጣፍኩት። ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ ሰፋሁ። ስጨርስ ጣት የማያሾልክ፣ ጥብቅ ያለ፣ የሚያኮራ ሥራ ሆነ። ጅጅጋ ውስጥ እንዲህ የጣፍኩለት ሰው መርቆኝ ነበር የሚሄደው።

ጉሌድ ነቅቶ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። "እጅህ ይባረክ አብቲ" አለኝ። ናኹዳው ቀርቦ በእጁ ዳሰሰውና አፉን ሊከፍት ሲል ጉሌድ በሶማልኛ ቶሎ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገረው። ሶማልኛ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ነፋሱ ወሰደብኝ። አሥር ሰዓት ላይ መረቡን ጭነው ሄደው ጣሉት፤ ሳይመሽ ባዶ ጀልባ ይዘው ተመለሱ። መረቡ እዚያው ያድራል። እኔ ዳር ቆሜ እንደ ሙሽራ አባት ደረቴን ነፍቼ አየኋቸው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እኔንም ጫኑኝ። ስለ ጀልባ ጉዞ የምነግራችሁ አጭር ነው፤ ሆዴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ። ናኹዳው ጀርባዬን እየደበደበ "አይዞህ፣ ዓሣዎቹም ቁርስ ይፈልጋሉ" ይለኛል።

ጉሌድ መሳብ ጀመረ። ከባሕር የሚወጣው ሁሉ የተፈለገ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሁለት ረጃጅም፣ ብርማ ዓሦች ወጡ፤ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ጠፍጣፋ፣ ጅራተ ረጅም ፍጡር መጣች፤ ጉሌድ ጅራቷን እየተጠነቀቀ ፈትቶ ወደ ውኃው መለሳት። ሲነኩት እንደ ኳስ የሚነፋ መርዘኛ ዓሣ መጣ፤ ተጣለ። ሸርጣኖች መጡ፤ ክሩን በመቁረጫቸው ይዘው አንለቅም ይላሉ፣ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ከተያዘው ይልቅ ሳይፈለግ የገባውን መፍታት ነው ጊዜ የሚበላው። እኛ ጋ ቁርጥራጩ ቢያንስ ትራስ ይሞላል፤ እዚህ ቁርጥራጩ ነፍስ አለው።

ከዚያ መረቡ መልኩ ተለወጠ። ተዘርግቶ መምጣት ሲገባው ተጠማዝዞ፣ እንደ ገመድ ተገምዶ መጣ። በገመዱ መካከል እኔ የጣፍኩት አለ። እሱ ላይ ጣቴን የሚያህሉ ዓሦች፣ መቶ ይሁኑ መቶ ሃምሳ፣ አንገታቸውን አስገብተው ተሰክተዋል። አብዛኞቹ ሞተዋል። ጉሌድ ተቀምጦ አንድ በአንድ ያወጣቸው ጀመር። የሚንፈራገጡትን ወደ ባሕሩ፣ የሞቱትን ወደ ባልዲው።

"ምንድን ናቸው እነዚህ?" አልኩ።

ጉሌድ ቀና አላለም። የመለሰልኝ ናኹዳው ነው። ከትልቁ ብርማ ዓሣ ጎን አንዱን ትንሽ አስቀምጦ አሳየኝ። አንድ መልክ፣ አንድ ጅራት። "ልጆቹ ናቸው" አለኝ። "መረባችን ዓይኑ አራት ጣት ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። አንተ ዓይኑን ዘጋኸው። ጫፉንም ስበህ ስላገናኘኸው መረቡ ተኮማተረ፤ ሌሊቱን በሙሉ ሲጠመዘዝ አድሮ ትላልቆቹ በላይ በላዩ አለፉ።"

መኮማተር! ይህንን ስህተት እንዳይሠራ ጉሌድን ስንት ጊዜ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ፤ ለካ ስለ እኔ ኖሯል።

"ታዲያ ትናንት አይተው ለምን አልነገሩኝም?" አልኩት ናኹዳውን።

"እኔ ልነግርህ ነበር። ልጁ ነው የከለከለኝ። 'አብቲ ሳያርፍ ሰፍቶልኛል፤ የዛሬውን ቀን ተወኝ' አለኝ። የአንድ ቀን ዓሣ ለአንተ ሰጠህ።"

የማፍር ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን ውኃው ውስጥ ብገባ በወደድኩ። ጉሌድ አንገቱን እንዳቀረቀረ "ናኹዳ፣ ወሬ አታብዛ፣ አብቲ ያመዋል" አለ። እኔም ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩና አብሬው ማውጣት ጀመርኩ። ጣቴ ለረቂቅ ሥራ የለመደ ነው። ከነሕይወታቸው አሥራ አንድ አተረፍኩ። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ረፋድ ላይ ዳር ስንደርስ ናኹዳው ከትልልቆቹ አንዱን ለቤት አስቀርቶ ጠበሰው። አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ሩዝ ተዘረጋ፣ ዓሣው በላዩ ላይ ተጋደመ። ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። ለብቻዬ ሳህን ጠብቄ እጄን ሳልዘረጋ ቆየሁ፤ የሃያ ዓመት ልማድ ነዋ። ጉሌድ አየኝና ሳቀ። "ዓሣ ማን ያርደዋል አብቲ? ከውኃ ሲወጣ አለቀ። ቢላዋ የለ፣ የእኛ የእናንተ የለ። ብላ" አለኝ። ከሥጋው ቆርሶ ወደ እኔ በኩል ገፋልኝ። ይህን ልጅ ከዳዴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ ሥጋ ስበላ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጉርሻዬን ይዤ ማላመጥ አቆምኩ። "አጥንት ነው?" አሉኝ ተደናግጠው። አዎ፣ አጥንት ነው አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ የጣፍኩትን ራሴ ተረተርኩት። ክሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ጉሌድ ደግሞ አራት ጣት ስፋት ያላት ጠፍጣፋ እንጨት አወጣ። ክሩን በእንጨቷ ላይ እየጠቀለለ ይቋጥራል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይቋጥራል፤ ዓይኑ ሁሉ አንድ ልክ። ሲጨርስ መነጽሬን አድርጌ ፈለግኩ፣ በእጄ ዳሰስኩ። የተቀደደው የት እንደነበረ አጣሁት። ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ መጋጠሚያውን አጣሁት! በእኛ ሙያ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም፤ ነገርኩትም። እንደ ልጅነቱ ጆሮው ቀላ።

ዓርብ ጀልባ አይወጣም፣ የጁምዓ ቀን ነው። ከመስጊድ ሲመለስ ዳር ላይ ተቀመጥንና የመጣሁበትን ነገር ተናገርኩ። ስለ ባዶዋ ክፍል፣ ስለ ሱቁ፣ ስለ እናቱ እግር፣ ምግብ ስለ ማቆሟ። አልደበቅኩትም፤ "እኔም ብትመጣልኝ ደስታዬ ነው፣ ብቻዬን ሰልችቶኛል" አልኩት።

ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። "የተገለበጠችዋን ጀልባ ፍለጋ ሁለት ቀን ወጥቻለሁ" አለኝ። "አንዱን ሰው ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሞቶ ነበር። እፈራለሁ አብቲ። እማዬን 'አይፈራም' ብለህ እንዳትዋሻት። ናኹዳ የማይፈራ ሰው አይጭንም።"

"ታዲያ ለምን አትመጣም?"

"ሱቅ ውስጥ ቁጭ ስል ታውቀኛለህ፤ አንድ ሱሪ እንኳን ቀጥ አላለልኝም። እዚህ ግን ቀጥ አለልኝ። ግን እሷ መብላት ካቆመች..." አሸዋውን በጣቱ ጫረ። "አንተ ና ካልከኝ እመጣለሁ። ቦርሳዬን ይዤ አሁኑኑ እነሣለሁ። አንተን እምቢ አልልም።"

ይህን ያለኝ ከትናንት ወዲያ የተበላሸ መረብ ይዞ፣ ቃል ሳይተነፍስ ባሕር የወጣልኝ ልጅ ነው። ና ብለው እንደሚመጣ አወቅኩ። አፌ ላይ ነበረች ቃሏ። ፊደሏ አንዲት ናት። ዋጥኳት።

"ተነሥና ቁም" አልኩት። ሜትሬ ከቦርሳዬ ጋር ቤት ቀርቷል። ከኪሴ የተረተርኩትን ክር አውጥቼ የትከሻውን ስፋት ለካሁ፤ አንድ ጫፍ ቋጠርኩ፣ ሌላውንም ጫፍ ቋጠርኩ። "ያን ሸሚዝ ለናኹዳው ስጠው፣ እሱ ቀጭን ነው" አልኩት። ገብቶት ይሁን ሳይገባው አላውቅም፤ አንገቴን አቅፎ አልለቅ አለኝ።

ቅዳሜ በዚያው መንገድ ተመለስኩ፤ አንድ ጎማ ብቻ ፈነዳ። ውጫሌ ሳህራ መጥበሻዬን አውጥታ ጠበቀችኝ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጅጅጋ ገባሁ፤ ጋቢዬን መልሼ ለብሻለሁ።

ሐዋ በረንዳዬ ላይ፣ በእኔ ወንበር ተቀምጣለች። "መጣህ?" አለችና ከኋላዬ አየች። ማንም የለም። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መናገር ጀመርኩ። ስለ ኤሊዋ፣ ስለ ጣፍኩት መረብ፣ ስለ ትንንሾቹ ዓሦች። ስህተቴን ስነግራት ሳቋ አመለጣት፣ "አይ አንተ!" አለችኝ። ጉሌድ የተበላሸውን መረብ ይዞ ዝም ብሎ መውጣቱን ስነግራት ሳቋን አቆመች። እንደሚፈራም ነገርኳት፤ አደራውን አልበላሁም። ከአንድ ትሪ መብላታችንን ስነግራት "ከአንድ ትሪ?" አለች። "አንተና እሱ?" ሻሿን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

"ታዲያ ምን ትለኛለህ ወላሎ?"

"ተዪው" አልኳት። "ና ብዬው ቢሆን ይመጣ ነበር። አላልኩትም። ከፈለግሽ እኔን ተቆጪ።"

አልተቆጣችም። እኔም የምጨምረው ስላልነበረኝ ክሩን ከኪሴ አውጥቼ እጇ ላይ አኖርኩት። "የትከሻው ልክ ነው፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ" አልኳት። አንዱን ቋጠሮ በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላው ይዛ ወጠረችው። እጆቿ ተራራቁ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ይዛው ቆየች።

"ይኼን ያህል ሆነ?" አለች።

"ይኼን ያህል።"

ተነሣች። እግሯን እየጎተተች ሱቋ ገባች፤ ጣቃ ሲገለበጥ፣ ከዚያ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። ነጩን ጨርቅ አጥፋ አምጥታ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው፤ ክሩን በላዩ ላይ አደረገች።

"ላላ አድርገህ ስፋው ወላሎ" አለችኝ። "መረብ ሲስብ እንዳይዘው።"